ጥፋቱ የሴንሰሩ ነውን? በመተማ ቆላማ አካባቢ የሚታወኩ የቤት ውስጥ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያዎችን የመመርመሪያ ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጥናት

የውኃ ፓምፕን፣ የግቢ መብራትን፣ ማራገቢያንና ማቀዝቀዣን በራሳቸው እንዲሠሩ የሚያደርጉ አነስተኛ መቆጣጠሪያዎች ሲታወኩ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረውና የሚለወጠው ሴንሰሩ ነው። ይህ ጽሑፍ የመተማን የአየር ጠባይ መነሻ በማድረግ፣ በሴንሰር የሚሳበቡ እንከኖች ከኃይል አቅርቦት፣ ከሪሌይ ጥቅል ሽቦ መሞቅ፣ ከመገናኛ ነጥቦች መበላሸትና ከፕሮግራም አጻጻፍ ሊመነጩ እንደሚችሉ በቀላል ስሌት ያሳያል። ሴንሰሩ ራሱ በሙቀት ምክንያት የሚሳሳትባቸውን ሁኔታዎችም ይለያል። በመጨረሻም ዕቃ ከመለወጥ በፊት ሊከናወን የሚገባውን የምርመራ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሴንሰር፣ ሪሌይ፣ ማብሪያ-ማጥፊያ፣ ሙቀት፣ የቮልቴጅ መውረድ፣ መተማ

1. መግቢያ

መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎንደር የድንበር ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ያልፋል። ዝናቡ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሰሊጥ አጨዳና የአቧራ ወቅት ይከተላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከውጭው አየር የበለጠ ይሞቃል። የአምራቾች ሰነዶች ግን አብዛኞቹን መለኪያዎች የሚሰጡት በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ነው። በሰነዱ ላይ በተጻፈውና መሣሪያው በሚሠራበት ሁኔታ መካከል ያለው ይህ ልዩነት የብዙ እንከኖች መነሻ ነው።

ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው። የቧንቧ ውኃ በተራ በሚለቀቅበት ሰፈር ፓምፑ በሌሊት ሳይነሣ ካደረ ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው ተራ ያለ ውኃ ይቆያል። ሳይቆም ካደረ ደግሞ ወይ ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ወይ ፓምፑ ያለ ውኃ ሲሽከረከር ይቃጠላል። ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ወሰን ውስጥ መቆየት ስላለበት፣ ያለ ምክንያት የሚጮኽ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሠራተኛውን ያዘናጋል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ በመጣ ጊዜም ሰሚ ያጣል። ሴንሰሩን መለወጥ እንከኑን ለጥቂት ቀናት አስወግዶ ሲመልሰው፣ የመሣሪያው ባለቤት ገንዘቡንም እምነቱንም ያጣል።

2. የኃይል አቅርቦት

በኢትዮጵያ የቤት ውስጥ አቅርቦት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚያልፈው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በመተማ በኩል ማለፉ በየቤቱ የሚደርሰው ቮልቴጅ የተረጋጋ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የቤቱን ቮልቴጅ የሚወስኑት በአቅራቢያው ያለው ትራንስፎርመር፣ የማከፋፈያው መስመር ርዝመትና የምሽቱ ጭነት ናቸው።

መቆጣጠሪያዎቹ የሚጠቀሙት ግን 5 ቮልት ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት 220 ቮልቱ ብቻ ሳይሆን አዳፕተሩ የሚሰጠው 5 ቮልት ከሪሌዩ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚቀር ነው። አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ሳጥኑ ከአዳፕተሩ 3 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ የደርሶ መልሱ 6 ሜትር ሽቦ በግምት 0.5 ኦም ሬዚስታንስ አለው። አራት ሪሌዮችና አንድ የዋይፋይ ማይክሮኮንትሮለር በአንድነት 0.5 አምፔር ቢስቡ፣ በሽቦው ላይ ብቻ 0.25 ቮልት ይጠፋል። ርካሽ አዳፕተር በጭነት ጊዜ 4.8 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለሪሌዩ የሚደርሰው 4.55 ቮልት ይሆናል። መልቲሜትሩን በአዳፕተሩ ጫፍ ላይ ሪሌዮቹ በጠፉበት ጊዜ ያስቀመጠ ሰው ግን 5 ቮልት አንብቦ አቅርቦቱ ደኅና ነው ብሎ ይደመድማል። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው በሪሌዩ እግር ላይ፣ ሁሉም ሪሌዮች በበሩበት ቅጽበት ሲወሰድ ነው።

3. ሪሌይ በሙቀት ውስጥ

የሪሌይ ጥቅል ሽቦ የሚሠራው ከመዳብ ነው። የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በስፋት የሚሸጠው ባለ 5 ቮልት ሪሌይ በ20 ዲግሪ 70 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ያለው ሲሆን፣ ለመሳብ የሚያስፈልገው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከ5 ቮልት 75 በመቶ፣ ማለትም 3.75 ቮልት ነው። ይህ 54 ሚሊ አምፔር ገደማ ከረንት ማለት ነው። ሪሌዩን የሚስበው መግነጢሳዊ ኃይል የሚመነጨው ከከረንቱ ስለሆነ፣ ጥቅል ሽቦው ቢሞቅም የሚፈለገው ከረንት ያው ነው። ሽቦው 60 ዲግሪ ሲደርስ ግን ሬዚስታንሱ ወደ 81 ኦም ያድጋል፤ ያንኑ ከረንት ለማሳለፍም 4.34 ቮልት ያስፈልጋል። ሪሌዩን በሚያዝዘው ትራንዚስተር ላይ የሚቀረው 0.2 ቮልት ሲጨመር ፍላጎቱ 4.54 ቮልት ይሆናል።

ይህ ቁጥር በክፍል 2 ከተገኘው 4.55 ቮልት ጋር ሲነጻጸር የእንከኑ ባሕርይ ግልጽ ይሆናል። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ያለ ችግር የሚሠራ ሪሌይ ከሰዓት በኋላ ለመሳብ ያንገራግራል፤ ምሽት ላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይስተካከላል። ሴንሰሩን በምሽት የለወጠ ባለሙያም በአዲሱ ሴንሰር ምክንያት የተስተካከለ ይመስለዋል። መፍትሔው አቅርቦቱን ማጠንከር፣ ሽቦውን ማወፈርና ሳጥኑን ከቆርቆሮው አርቆ ጥላ ባለበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መስቀል ነው።

ሁለተኛው የሪሌይ ችግር በመገናኛ ነጥቦቹ ላይ ይታያል። በሪሌዩ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር የሚያገለግለው እንደ ምድጃ ላለ ቀጥተኛ ጭነት ነው። የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሽከረከር 3 አምፔር ገደማ ቢወስድም፣ ሲነሣ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ሊስብ ይችላል፤ ይህም ከ15 እስከ 21 አምፔር ነው። በተደጋጋሚ የሚፈጠረው ብልጭታ ነጥቦቹን አቅልጦ ያጣብቃቸዋል። ምልክቱ ሪሌዩ «ቀጭ» ብሎ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ መሥራቱን መቀጠሉ ነው። ብሬከሩ ከወረደና የፓምፑ ሽቦ ከተነቀለ በኋላ በነጥቦቹ መካከል የሚለካው ሬዚስታንስ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ መጣበቃቸው ይረጋገጣል። ለፓምፕ ተገቢው አሠራር ሪሌዩ ኮንታክተርን እንዲያዝዝ፣ ኮንታክተሩ ደግሞ ፓምፑን እንዲያበራ ማድረግ ነው።

ብልጭታን ለመቀነስ በነጥቦቹ ትይዩ የሚገባው ካፓሲተርና ሬዚስተር ጠቃሚ ቢሆንም የራሱ መዘዝ አለው። በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ባለ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር 7 ሚሊ አምፔር ገደማ ያሳልፋል። ይህ ለፓምፕ ምንም አይደለም፤ የኤልኢዲ አምፖልን ግን ጠፍቶ ሳለ እንዲያብለጨልጭ ሊያደርገው ይችላል። ኒውትራል ሽቦ ሳይገባላቸው የሚሠሩ የንክኪ ማብሪያ-ማጥፊያዎችም በአምፖሉ በኩል ጥቂት ከረንት ስለሚያሳልፉ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። በሁለቱም ሁኔታ አምፖሉን መለወጥ የእንከኑን ምንጭ አያስወግድም።

4. ሴንሰሩ በእርግጥ የሚሳሳትበት ጊዜ

ሴንሰሩ ከጥፋት ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በቆላማ አየር ሦስት ዓይነት ሴንሰሮች የየራሳቸው ድክመት አላቸው።

የመጀመሪያው የግቢ መብራትን የሚያበራው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር የሚያየው ከሰው አካል የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ከጀርባው ካለው ጨረር ጋር በማነጻጸር ነው። የሰው ቆዳ ሙቀት ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ግድግዳውና መሬቱ በዚሁ የሙቀት መጠን ላይ ሲሆኑ በሰውየውና በጀርባው መካከል ልዩነት አይኖርም፤ ሴንሰሩም ሰውን አያይም። ስለዚህ በምሽቱ መጀመሪያ ሳይሠራ ቆይቶ ወደ ንጋት የሚስተካከል የግቢ መብራት የተበላሸ ሴንሰር ምልክት ላይሆን ይችላል። በአንጻሩ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮና በሞቃት ነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠል ሰው ሳይኖር መብራቱን ያበሩታል። በእንዲህ ያለ ቦታ በማይክሮዌቭ የሚሠራ ሴንሰር ይመረጣል፤ ካልተገኘ የሴንሰሩን ፊት ቶሎ ወደሚቀዘቅዝ አቅጣጫ ማዞር ይረዳል።

ሁለተኛው የሮቶን ውኃ መጠን በድምፅ ሞገድ የሚለካው ሴንሰር ነው። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ሲሆን በ42 ዲግሪ ወደ 357 ሜትር ያድጋል። ፕሮግራሙ በ343 ሜትር የሚያሰላ ከሆነ፣ ከሴንሰሩ 150 ሴንቲ ሜትር የራቀውን የውኃ ገጽ 144 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ያነበዋል። ውኃው ካለበት ከፍ ያለ ስለሚመስል ፓምፑ በሚፈለገው ሰዓት ላይነሣ ይችላል። ስሕተቱ በፕሮግራሙ ውስጥ የአየሩን ሙቀት በማስገባት ይታረማል፤ አዲስ ሴንሰር መግዛት አያርመውም።

ሦስተኛው ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ኃይል ባገኘ ጊዜ፣ ገና ልኬት ሳይወስድ፣ 85 ዲግሪን መነሻ ዋጋ አድርጎ ይይዛል። በንባቡ መካከል ድንገት በትክክል 85 ቢታይ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ የሴንሰሩ ኃይል ለቅጽበት ተቋርጦ ተመለሰ፣ ወይም ፕሮግራሙ ልኬቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም የሚል ነው። በተለመደው የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ከዜሮ በታች 127 የሚለው ቁጥር ደግሞ ሴንሰሩ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ዝም ብሎ የሚጥል ፕሮግራም የሽቦውን ወይም የአቅርቦቱን ሕመም ይደብቃል። ቁጥሮቹን ከውሳኔው አውጥቶ መዝግቦ መቁጠር ይሻላል፤ ብዛታቸው መጋጠሚያው እየላላ መሄዱን አስቀድሞ ይናገራል።

5. ማብሪያ-ማጥፊያና ፕሮግራም

የተንሳፋፊ ማብሪያ-ማጥፊያ ነጥቦች በእርጥበትና በአቧራ ምክንያት ስስ ሽፋን ያበጃሉ። ለትልቅ ከረንት የተሠሩ የብር ነጥቦች ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ሲያልፍባቸው ይህን ሽፋን ማቃጠል አይችሉም፤ ስለዚህ አንዴ ሲገናኙ አንዴ ይስታሉ። ለአነስተኛ ምልክት ወርቅ የተቀባ ነጥብ ያለው ማብሪያ-ማጥፊያ ይመረጣል። ማንኛውም ሜካኒካዊ ማብሪያ-ማጥፊያ በሚዘጋበት ቅጽበት ጥቂት ጊዜ ስለሚነጥር፣ ፕሮግራሙ ምልክቱ መጽናቱን ሳያረጋግጥ መወሰን የለበትም።

የመነሻና የማቆሚያ ወሰንን አንድ ማድረግም የተለመደ ስሕተት ነው። በ32 ዲግሪ የሚነሣ ማራገቢያ በ30 ዲግሪ ቢቆም ይረጋጋል፤ በ32 ተነሥቶ በ32 እንዲቆም የታዘዘ ግን የሴንሰሩ የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ብቻ ሪሌዩን ያለ ዕረፍት ያንቀጠቅጠዋል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚሆነው ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙ የሪሌይ ሰሌዳዎች የሚበሩት ምልክቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው፤ ማይክሮኮንትሮለሩ እስኪነቃ ድረስ እግሮቹ ያልተወሰነ ሁኔታ ላይ ስለሚሆኑ ሪሌዩ ሳይታዘዝ ሊስብ ይችላል። ይህን ምልክቱን ወደ ላይ የሚይዝ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይከላከላል። የማቀዝቀዣ መጭመቂያም መብራት እንደተመለሰ ወዲያውኑ እንዳይነሣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማዘግየት ያስፈልጋል።

ውሳኔው በቤቱ ውስጥ ባለው መቆጣጠሪያ መሰጠት ይኖርበታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ትእዛዙን ከሩቅ ሰርቨር የሚጠብቅ ማብሪያ-ማጥፊያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ሥራ ያቆማል። በእጅ የሚሠራ ተለዋጭ ማብሪያ-ማጥፊያም ከሥርዓቱ ሊጎድል አይገባም።

6. የምርመራ ቅደም ተከተል

ማንኛውም ሥራ ብሬከሩን በማውረድና መስመሩ ላይ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር በማረጋገጥ ይጀመራል። በርቶ የሚለካው የ5 ቮልቱ ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም ከ220 ቮልቱ ክፍል ተለይቶ መሸፈን አለበት።

አንደኛ፣ እንከኑ የታየበት ሰዓት፣ የአየሩ ሙቀትና በዚያን ጊዜ የበሩ ዕቃዎች ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይመዝገቡ። በየቀኑ በሙቀት ሰዓት የሚመለስ እንከን ወደ ሪሌዩ ወይም ወደ እንቅስቃሴ ሴንሰሩ ይመራል። ምሽት ላይ የሚመጣ ወደ አቅርቦቱ፣ ከዝናብ በኋላ የሚመጣ ወደ መጋጠሚያዎች፣ ፓምፕ ሲነሣ የሚመጣ ወደ ሽቦ አዘረጋግ፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣ ደግሞ ወደ ፕሮግራሙ ይመራል።

ሁለተኛ፣ 5 ቮልቱ በሙሉ ጭነት በሪሌዩ እግር ላይ ይለካ።

ሦስተኛ፣ ብሎኖቹ በካቻቢቴ ይጥበቁ፤ አቧራ፣ ዝገትና ሳጥኑ ውስጥ የገባ ጉንዳን ይታይ።

አራተኛ፣ ሪሌዩ ከሴንሰሩ ተለይቶ ይፈተሽ። በተንሳፋፊው ምትክ ሁለቱ የምልክት ገመዶች ሲገናኙና ሲለያዩ ሥርዓቱ በትክክል ከታዘዘ፣ እንከኑ በተንሳፋፊው ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው ገመድ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ሴንሰሩ የሚለወጠው ከእነዚህ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ አዲሱም አሮጌው በታወከበት ሰዓትና ሙቀት ይፈተን።

7. ማጠቃለያ

በመተማና መሰል ቆላማ አካባቢዎች ለአውቶማቲክ መቆጣጠሪያዎች መታወክ ሙቀት ዋነኛ ሰበብ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ብቻውን አይደለም። እንከኑን የሚያመጣው የጥቂት አሥረኛ ቮልት ጉድለት፣ የጥቂት ኦም ጭማሪና የአንድ ቀጭን ሽቦ መደማመር ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲለካ ደኅና ይመስላል። ሴንሰሩ የእነዚህን ድምር የሚያሳይ ጫፍ በመሆኑ ጥፋቱ ወደ እርሱ ይጠጋል። ሰዓትንና ሙቀትን የሚመዘግብ ደብተርና በትክክለኛው ቦታ የሚቀመጥ መልቲሜትር ከመለዋወጫ ሴንሰር ቀድመው ሊገዙ የሚገባቸው መሣሪያዎች ናቸው።