የሚሳበው አሻንጉሊት

ላስቲክ ስንስበው ይረዝማል፤ ስንለቀው ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ኬነር የተባለ ኩባንያ በዚህ ጠባይ ተጠቅሞ ስትሬች አርምስትሮንግ የሚባል ጡንቸኛ አሻንጉሊት ሠራ። ልጆች እጁን ግራና ቀኝ ሲስቡት ከ1 ሜትር በላይ ይዘረጋል።

ሆዱ ውስጥ ምን አለ? ከበቆሎ የተሠራ ሽሮፕ ነው። ውሃው እስኪተንና ከማር ይበልጥ እስኪወፍር ይፈላና በጎማው ቆዳ ውስጥ ይሞላል። ወፍራም ስለሆነም አሻንጉሊቱ ሲለቁት ቀስ እያለ ይመለሳል።

ጎማ ግን ያረጃል። ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ሽሮፑም ይፈሳል። ስለዚህ ከድሮዎቹ ደኅና የቀሩት ጥቂት ናቸው። እኛም የጎማ ዕቃችንን ከፀሐይ ብናርቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ጥያቄ፦ አሻንጉሊቱ ሲለቁት ቶሎ የማይመለሰው ለምንድን ነው?