ኳስ ተጫዋች በሰው አገር
(ለእጩ መምህራን የቀረበ የጥናት ጽሑፍ)



ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሱዳን ብሔራዊ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ተገናኝተው ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለእኛ ለቆላው ሰው የጎረቤት ጉዳይ ነው፤ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ጋላባት። ቡድናችን ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸንፎ ስለተመለሰ ብዙው ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። በመልሱ ግን 2 ለ 0 አሸነፈ። አንዱን ጎል አዳነ ግርማ፣ ሌላውን ሳላዲን ሰይድ አገቡ። ድምሩ 5 ለ 5 ቢሆንም በሰው ሜዳ ብዙ ጎል ያገባ ያልፋል በሚለው ደንብ መሠረት ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች።

ዛሬ ልናጠናው የፈለግነው የሳላዲንን የሥራ ሕይወት ነው። ምክንያቱም ነገ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ስንመደብ «ጋሼ፣ እኔም ውጭ አገር ሄጄ ኳስ መጫወት እፈልጋለሁ» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ታዲያ ያኔ ምን ብለን እንመልስለታለን? «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ መልስ ግን አይደለም።

ሳላዲን የተወለደው ከቋራ በስተደቡብ በሚያዋስነን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። እሱም እንደእኛው የቆላና የድንበር ልጅ ነው ማለት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአጥቂነት ስሙን ካስጠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋዲ ደግላ የተባለው የግብፅ ክለብ ወሰደው። ፕሮፌሽናል የሚባለውም እንዲህ ያለው ነው፤ ይኸውም በኳስ የሚተዳደር፣ ደመወዙና ግዴታው በጽሑፍ ውል የተወሰነ ሠራተኛ ማለት ነው። ውሉ ያልቃል፣ ይታደሳል፣ ለሌላ ክለብ ይሸጣል፣ በውሰትም ይተላለፋል። ተማሪዎቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩት ጎሉን ነው እንጂ ውሉን አይደለም።

ሳላዲን ግብፅ ከገባ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. በፖርት ሰይድ ከተማ ከአል መስሪና ከአል አህሊ ጨዋታ በኋላ በተነሳ ሁከት ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአገሩ ሊግ ቆመ። የዚያ ዓመት ውድድር ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ የተከታዩም ዓመት ተጀምሮ በፖለቲካው ቀውስ ምክንያት ሳያልቅ ተሰረዘ። እንግዲህ ልብ በሉ! ሁለት ዓመት ተከታትሎ የሊጉ ውድድር ፍጻሜ አላገኘም። ጨዋታ ያጣ አጥቂ ዝናብ እንዳጣ ሰሊጥ ነው፤ ቆሞ ይታያል እንጂ አያፈራም። ለዚህ ደግሞ የተጫዋቹ ጥፋት ምንም የለበትም።

የዋዲ ደግላና የቤልጂጉ ሊርስ ክለብ ባለቤት አንድ ግብፃዊ ባለሀብት ስለነበር ሳላዲን ወደ ሊርስም ተሻግሮ አውሮፓን ቀምሷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በግብፅ ትልቅ ወደሆነው አል አህሊ ገባ። ከዚያ ወደ አልጄሪያው ኤም ሲ አልጀር ሄደ፤ ከዚያም ወደ ጊዮርጊስ ተመለሰ። አምስት ዓመት ገደማ፣ ሦስት አገር፣ አራት ክለብ። በየጊዜው አዲስ አሠልጣኝ፣ አዲስ የቤት ኪራይ፣ አዲስ ቋንቋ ነው። በመካከሉም አገር ሲጠራው ይመጣል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 በተለያየንበት ጨዋታ የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት በረኛው ኬኔዲ ምዊኔ አድኖበታል። ያን ዕለት የተማረረበት ሰው ብዙ ነበር፤ ያ ሰው ከሦስት ወር በፊት በሱዳን ላይ ያገባውን ጎል ግን ወዲያው ረስቶት ነበር።

የፍቅሩ ተፈራም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ደቡብ አፍሪካ ተጫውቷል፣ ቼክ ሄዷል፣ ሌላም ሌላም አገር ዞሯል። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. የሕንድ ሱፐር ሊግ የሚባለው አዲስ ውድድር ሲከፈት የመጀመሪያዋን ጎል ለኮልካታ ክለብ ያገባው እሱ ነው። ክለቡ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ ግን በፍጻሜው ጨዋታ አልተሰለፈም። የፕሮፌሽናል ኑሮ ይህን ይመስላል።

«እንዲያውም ባይሄዱ ይሻላል» የሚል ወገንም ነበረ፤ ተራ ወገንም አይደለም። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጥሩ ጥሩው ተጫዋች ወደ አውሮፓ ከጎረፈ የአፍሪካ ውድድር ባዶ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ከእሳቸው ፕሬዚዳንትነት በፊት እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ አንድ ደንብም ነበረ፤ አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ከባሕር ማዶ ተጫዋቾች ከሁለት በላይ ማሰለፍ አይችልም ይል ነበር። ደንቡ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሥጋታቸው እውነትነት ነበረው። ቢሆንም በሩን መዝጋት ሥራ ፈላጊውን አላስቀረውም፤ በእኔ አስተያየት የሚበጀው ልጁ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለውን መመርመር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት የካሪብያን ደሴቶች ናቸው። ትሪኒዳድና ቶቤጎ ከቬኔዝዌላ ጠረፍ አጠገብ ያለች የሁለት ደሴቶች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ዋንጫ ስትበቃ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። የዚያ ቡድን አምበል ድዋይት ዮርክ የተወለደው ትንሽቱ ደሴት ቶቤጎ ላይ ነው። የእንግሊዙ አስቶን ቪላ እ.ኤ.አ. በ1989 ለጉብኝት ወደ ደሴቶቹ በሄደ ጊዜ አይቶ መረጠው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ በ12.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በመጀመሪያው ዓመቱም ሦስት ዋንጫ አነሳ።

ለመምህር ግን ከዮርክ ይልቅ የሚጥመው የበረኛው ታሪክ ነው። ሻካ ሂስሎፕ በኳስ ችሎታው አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምሕንድስና ተማረ። ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ1992 ለእንግሊዙ ሬዲንግ የፈረመው። በ2006ቱ ዓለም ዋንጫ ከስዊድን ጋር 0 ለ 0 ሲለያዩ ጎሉን የጠበቀው እሱ ነበር። ኳሱ ባይሳካ ኖሮ መሐንዲስ ነው! በጃማይካም በኪንግስተንና በአካባቢው ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ማኒንግ በሚባል ዋንጫ ይወዳደራሉ። እዚያ ልጁ ለትምህርት ቤቱ ሲጫወት መልማዩ መጥቶ ያየዋል፤ ስሙና ዕድሜውም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይገኛል። እርግጥ ነው እንግሊዝኛ የአገሩ ቋንቋ መሆኑ ረድቷቸዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ደላላ ማለት ምን እንደሆነ ለመተማና ለገለጉ ሰው አይነገረውም። ኳስ የሚችል ልጅ ሲያይ «ውጭ አገር ሙከራ አግኝቼልሃለሁ፣ ገንዘብ ብቻ አምጣ» የሚል ሰው ከመጣ፣ መምህሩ ቢያንስ የሚከተለውን ማወቅ አለበት። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች ወደ ሌላ አገር ክለብ የሚዛወረው 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ዝውውሩም ከአገር ፌዴሬሽን ወደ አገር ፌዴሬሽን በሚላክ ምስክር ወረቀት ነው እንጂ በደላላ ኪስ አይደለም።

ደንቡ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎችን ይፈቅዳል፤ አንዱ በቀጥታ እኛን የድንበር ሰዎችን ይነካል። ልጁ ከድንበሩ 50 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚኖር፣ በጎረቤት አገር ያለውም ክለብ እንዲሁ ከድንበሩ 50 ኪሎ ሜትር ያልራቀ፣ በሁለቱ መካከልም ከ100 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ከሆነ፣ ከ18 ዓመት በታችም ቢሆን መመዝገብ ይችላል። ሆኖም ልጁ ኑሮው ከቤቱ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ፌዴሬሽኖች በግልጽ መስማማት አለባቸው። ስለዚህ «ካርቱም እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ይህን አንቀጽ ሊጠቅስ አይችልም፤ ካርቱም ከድንበራችን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህማ ነገሩ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሌላው ነገር መዝገብ ነው። የልደት ቀን በግምት ሲጻፍ፣ አንድ ልጅ በአንድ ወረቀት 14፣ በሌላው 17 ዓመት ሆኖ ሲገኝ፣ በኋላ የሚጎዳው ራሱ ልጁ ነው። ያሳደገውም ክለብ ይጎዳል። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 ከመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከዋጋው 0.25 ከመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 ከመቶ ይታሰባል። ክፍያው የፌዴሬሽን አባል ለሆነ ክለብ ስለሆነ፣ ለክፍሉ ቡድን ብቻ የተጫወተና በወረዳው ወይም በከተማው ክለብ ስሙ ያልሰፈረ ልጅ ለአካባቢው ምንም አያመጣም።

የሒሳብ መምህራን ይህን ለክፍል ልታውሉት ትችላላችሁ። አንድ ልጅ ከ14 እስከ 17 ዓመቱ፣ ማለትም አራት የውድድር ዓመት፣ በአንድ የቆላ ከተማ ክለብ ተመዝግቦ ተጫወተ እንበል። በኋላ በ10 ሚሊዮን ብር ተዛወረ። የ14 እና የ15 ዓመቱ 0.25 ሲባዛ በ2፣ 0.5 ከመቶ ይሆናል፤ የ16 እና የ17 ዓመቱ 0.5 ሲባዛ በ2፣ 1 ከመቶ። ድምሩ 1.5 ከመቶ፣ ማለት 150,000 ብር ነው። ልጁ የተመዘገበው ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ክለብ የሚደርሰው 100,000 ብር ብቻ ነበር።