ሻምበል አበበ ቢቂላና የቀስት ውድድር

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ስንማር ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በሁለት ከተሞች ያልቃል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመ። ከዚያ በመኪና አደጋ ተጎዳ፣ ሞተ ይባልና ይታለፋል። በመካከሉ ያሉት ከአራት የሚበልጡ ዓመታት ግን ተዘልለው ይቀራሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናጠና የፈለግነው እነዚያን ዓመታት ነው። አበበ ያን ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ቀስት ይዞ ተወዳድሯልና።

አደጋው የደረሰው መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። በመጀመሪያ እጆቹንም ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ፤ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልታዘዙትም።

ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው የነርቭ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የህብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል እዚያ የከፈተው ጥር 23 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። (ቀኑ ከአዊ ፈረሰኞች በዓል ጋር መግጠሙን ስናሰላ አገኘነው።) ያን ጊዜ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ሕመም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል ተብሎ ተስፋ ይቆረጥበት ነበር። ጉትማን ግን ሕሙማኑን እንዲነሡ አደረገ፤ ስፖርትንም እንደ መድኃኒት አዘዘላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ በዚያው ዕለት 14 ወንዶችና 2 ሴቶች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በሆስፒታሉ መስክ ላይ ተወዳደሩ። ውድድሩም የቀስት ብቻ ነበር። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚህ አደገ። የመጀመሪያው የተደረገው ሮም ላይ ሲሆን የተከፈተው አበበ በዚያች ከተማ በባዶ እግሩ ከሮጠ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ እርሱም ወደዚያው መስክ እንደሚመጣ ማን ያውቅ ነበር?

ለመሆኑ ከስፖርት ሁሉ ቀስት የተመረጠው ለምንድን ነው? ቀስት የሚሳበው በትከሻና በጀርባ ጡንቻ ነው። ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ሰው ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥ ይቸግረዋል፤ ቀስት ሲለማመድ ግን ክንዱ፣ ትከሻውና ጀርባው አብረው ይጠነክራሉ። ሁለተኛውን ምክንያት እኛ ይበልጥ እንወደዋለን፤ ይኸውም ፍላጻው የሰደደው ሰው ይቁም ይቀመጥ አያውቅም። በኦሊምፒክ ቀስት ርቀቱ ለቆመውም ለተቀመጠውም 70 ሜትር ነው። ዒላማው 122 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረውም፣ 10 ነጥብ የሚያስገኘው የመካከሉ ክብ 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን ያህል ማለት ነው። የወንበሩ ጎማ እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል፤ ወገቡ ለማይጸናለት ሰው እንደ ጉዳቱ መጠን መታጠቂያ ይፈቀድለታል። የቀረው የዓይን፣ የትንፋሽና የትዕግሥት ሥራ ነው።

ለዚህም ምስክር አለን። የኒውዚላንዷ ኔሮሊ ፌርሆል በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ከቆሙት ጋር ተሰለፈች። ኢራናዊቷ ዛህራ ነማቲም በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ እንዲሁ አደረገች፤ በፓራሊምፒኩም ወርቅ ወሰደች።

ወደ አበበ እንመለስ። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ በሁለቱ ስፖርቶች ከመወዳደሩም በላይ፣ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አንደኛ ወጣ። እኛን ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ቀስቱ ነው። ሁለት ጊዜ የዓለምን ጀግኖች ቀድሞ የገባ ሰው በ37 ዓመቱ ከጀማሪዎች ጋር ተሰልፎ ፍላጻ ሲለቅም ማየት ቀላል ነገር አይደለም! ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ በፓራሊምፒክ ወንድዬ ፍቅሬ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ብር፣ ትዕግስት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ወርቅ አምጥተውልናል፤ ሁለቱም በሩጫ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው እዚህ ጥርባ ላይ ስለተነሣ ጥያቄ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ወንድም አለን። በጨዋታ ቀን ነጥብ የመመዝገብ ሥራ ለእርሱ ይሰጣል። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ሁልጊዜ መዝጋቢ ነኝ፤ ተመዝጋቢ የምሆነው መቼ ነው?» አለን። አንዳንዶች «ይወድቃል፣ ሰው ይስቅበታል» ብለው ሰጉ። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ክርክሩ አላሳመነንም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ጉግስ የሚጫወተው ተቀምጦ አይደለምን? ኮርቻ ላይ ስለተቀመጠ ማን አዘነለት? ደግሞስ ይወድቃል የሚባለው ከፈረሰኛው ይልቅ በወንበሩ ላይ ያለው ነውን?

ስለዚህ ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ደልዳላ ቦታ ከ18 ሜትር እንጀምራለን። ዒላማው በጆንያ የታጨቀ ድርቆሽ ይሆናል። ፍላጻ መሣሪያ ስለሆነ ከዒላማው በስተኋላ ማንም አያልፍም፤ ፍላጻ የሚለቀመውም ሁሉም ተኩሰው ከጨረሱ በኋላ ነው። በበሩ ላይ ያሉትን ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች በአፈር ደልድለን ለጎማ እንዲመቹ የሚያደርጉ አራት ልጆች ተመድበዋል። ቀርከሃ በአገራችን ሞልቷል፤ የቸገረን የሚሠራው ሰው ነው። ቀርከሃ ሰንጥቆ ሳይሰበር ማጉበጥ የሚያውቅ አባት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ስሙን ለመዝጋቢው ወንድማችን ንገሩልን።