ስለ ሰማያዊቷ የዛፍ ሸረሪት አጠባበቅ

ሰው እንስሳን ወደ ቤቱ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለጥቅም ወይ ለፍቅር ነው፤ ላሟ ትታለባለች፣ ውሻው ደጅ ይጠብቃል፣ ድመቲቱም አይጥ ከማጥፋቷ ሌላ ጭን ላይ ተኝታ ታጽናናለች። ይህ ምዕራፍ የሚናገርላት ፍጥረት ግን ከእነዚህ አንዱንም አታደርግም፤ ጌታዋን ለይታ አታውቅም፣ ሲዳስሷት አትወድም፣ ቢጠሯትም አትመጣም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ሰዎች ይህን እያወቁ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሯት መልኳንና ጠባይዋን ከቅርብ ሆነው ለማየት ብቻ ነው፤ እኔም ይህ ምክንያት በቂ ነው ባይ ነኝ።

ታራንቱላ ከሚባሉት ታላላቅ ሸረሪቶች መካከል በዛፍ ላይ የሚኖሩና እጅግ ፈጣን የሆኑ ብዙ ዓይነቶች አሉ፤ ለዚህ ምዕራፍ የመረጥናት ግን በሊቃውንት ዘንድ ፖሲሎቴሪያ ሜታሊካ የምትባለው የሕንድ ሸረሪት ናት። እንግሊዛዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ሬጂናልድ ፖኮክ እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ እርሷ ሲጽፍ ማስረጃው በደቡብ ሕንድ በጉቲ ከተማ በምድር ባቡር የእንጨት ማከማቻ የተገኘች ሸረሪት ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዱካዋ ጠፍቶ ቆየ። በመጨረሻ በ2001 ከጉቲ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በናንዲያልና በጊዳሉር መካከል በሚገኘው የምሥራቅ ጋትስ ደን፣ በአረጁ ዛፎች ሽንቁር ውስጥ ተገኘች፤ የመጀመሪያይቱም ከእንጨት ጭነት ጋር በባቡር ሳትወሰድ እንዳልቀረች ይገመታል። የመኖሪያዋ ስፋት ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ደኑም በእንጨት ቆራጮች እየተመናመነ የሚሄድ በመሆኑ፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2008 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት መካከል መዝግቧታል።

ኅብረ ቀለሟን ላላየ ሰው መግለጽ አስቸጋሪ ነው። ጀርባዋና እግሮቿ ጽኑ ሰማያዊ ሆነው በሆዷ ላይ የተነቀሰው ነጭ ሐረግ ጎልቶ ይታያል፤ የፊት እግሮቿን ስታነሣ ደግሞ ከሥራቸው ቢጫ ብልጭ ይላል። ሰማያዊነቱ ከተቀባ ቀለም የመጣ አይደለም፤ ፀጉሮቿ በዐይን የማይታይ ረቂቅ አሠራር ስላላቸው ከሚያርፍባቸው ብርሃን ሰማያዊውን ለይተው ይመልሳሉ። የፈጣሪን ጥበብ ማድነቅ ለሚወድ ሰው ይህ ብቻ የረጅም ተመስጦ ምክንያት ይሆነዋል።

ጀማሪ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ ነገር የፍጥነቷ ምክንያት ነው። በአሜሪካ አህጉር የሚኖሩት አብዛኞቹ ታራንቱላዎች ጠላት ሲቀርባቸው ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር በእግራቸው እየፋቁ ይበትናሉ፤ ለእስያና ለአፍሪካ ወገኖቻቸው ግን ይህ የጦር ዕቃ አልተሰጣቸውምና መከላከያቸው ወደ ሽንቁር መሸሽ፣ መሸሻ ያጡ እንደ ሆነም መንከስ ነው። ስለዚህ ሸረሪቲቱ ከሣጥኑ ወለል ተነሥታ በቅጽበት ክዳኑ ላይ ስትገኝ፣ ሩጫው የቁጣ ሳይሆን የፍርሃት መሆኑን የተረዳ ባለቤት፣ ብልሃቱን ሁሉ እርሷን በማባረርና በመያዝ ላይ ሳይሆን፣ ለመሮጥ የሚያስገድዳት ነገር እንዳይኖር ቤቷን በማሰናዳት ላይ ያውለዋል። በእጅ ላይ አውጥቶ ለእንግዳ ማሳየት ለእርሷ ጭንቀት፣ ለሰውየውም አደጋ ከመሆን በቀር ትርፍ የለውምና ፈጽሞ ሊደረግ አይገባውም።

ቤቷ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ ይሁን፤ ለአካለ መጠን ለደረሰች ሸረሪት ወርዱና ጎኑ 30፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይበቃል። ከታች የኮኮናት ቃጫ ወይም ንጹሕ አፈር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፍና፣ ከቡሽ ዛፍ የተላጠ ክብ ቅርፊት በአፈሩ ውስጥ ተተክሎ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ እርሱ የሽንቁሯ ምትክ ነው። የቅርፊቱ አፍ ወደ ሣጥኑ መዝጊያ እንዳይዞር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከመኖሪያዋ ደንግጣ የምትወጣ ሸረሪት ፊቷን ወዳዞረችበት ትሮጣለችና፣ መዝጊያው በዚያ በኩል ከሆነ የምትወጣው ወደ ባለቤቷ እጅ ነው። ስለ እርጥበት መጠን ብዙ ቁጥር ሲጻፍ እናያለን፤ በእኔ አስተያየት ግን በሁለት ወገን በተበሳ ቀዳዳ የሚንሸራሸር አየርና በትንሽ ሳሕን ዘወትር የማይታጣ ንጹሕ ውኃ ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጣሉ። ሙቀቱ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ይስማማታል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ግን ሊገድላት ይችላል።

ምግቧ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፌንጣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የረባ በረሮ ነው፤ ፀረ ተባይ የነካው የቤት በረሮ አይሰጥም። ያልተበላው በማግሥቱ በረጅም ወረንጦ ይለቀማል።

ምግብ እምቢ ብላ በቅርፊቷ ውስጥ ድር አድርታ ስትሸሸግ ብዙ ጀማሪዎች ታመመች ብለው ይደነግጣሉ፤ ነገሩ ግን የልብስ ለውጥ ዝግጅት ነው። ሸረሪት አጥንቷ በውጭ ስለ ሆነ፣ የምታድገው አሮጌውን ቅርፊት ጥላ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የደረቷ ክዳን በጠርዙ ይሰነጠቅና እንደ መክደኛ ይነሣል፤ ከዚያም እጁን ከጠባብ ጓንት እንደሚያወጣ ሰው፣ እያረፈች እየገፋችም ስምንቱን እግሮች ቀስ በቀስ ትመዛለች። ከአሮጌው ቅርፊት ነጻ ስትወጣ ጥርሶቿ ሳይቀሩ ነጭና ለስላሳ ናቸው፤ በቀናት ውስጥ ቀልተው በመጨረሻ ይጠቁራሉ። በዚህ ጊዜ ሣጥኑን ማንቀሳቀስ ወይም «ላግዛት» ብሎ መንካት እግር ያስቀራል፤ ከዚያም አልፎ ለሞት ያደርሳታል። በሣጥኑ ውስጥ የቀረ ፌንጣም ያን ለስላሳ ገላ ሊያኝክ ይችላልና አስቀድሞ ይውጣ፤ ጥርሶቿም እስኪጠነክሩ፣ ለትልቋ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ምግብ አይቅረብላት።

ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚደረግ ዝውውር የባለቤቱ ትልቁ ፈተና ነው። መሰናዶው ይህ ነው፤ የክፍሉ በር ይዘጋል፣ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጨርቅ ይደፈናል፣ ሁለቱ ሣጥኖች ከፍ ያለ ግድግዳ ባለው ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አፈ ሰፊ የሆነ ግልጽ ዕቃና ጠንካራ ካርቶንም በእጅ ይያዛሉ። ከዚያ ረጅም እጀታ ባለው ለስላሳ ብሩሽ የኋላ እግሯ በዝግታ ይነካል፤ አንድ እርምጃ ስትራመድ ይቆማል፣ ትንሽ ታግሦ እንደ ገና ይነካል። የቸኮለ እጅ ሩጫን ይወልዳል። ብታመልጥ እንኳ ተከትሎ መሮጥ አያስፈልግም፤ ጨለማ ጥግ ወይም ከፍ ያለ ግድግዳ አግኝታ ትቆማለችና፣ በቆመችበት ዕቃውን ደፍቶ ካርቶኑን ከሥር ማንሸራተት ይበቃል።

ንክሻዋ ቀላል አይደለም። እስካሁን ሰው መግደሉ ባይመዘገብም፣ ሕመሙ ጽኑ ነው፤ የጡንቻ ቁርጠቱም ለቀናት ሊቆይ፣ አንዳንድ ጊዜም ከተሻለ በኋላ ሊመለስ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቦ የሸረሪቲቱን ስም በወረቀት ጽፎ ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ልጆች ባሉበት ቤትም ሣጥኑ ቁልፍ ሊኖረው ግድ ነው።

ገዢው የሚመርጣት በሰው እጅ የተፈለፈለች ታዳጊ ትሁን፤ ከደን የምትያዘው እያንዳንዷ ሸረሪት ከጠባቡ መኖሪያ የምትቀነስ ናትና። በ2019 በጄኔቫ የተሰበሰቡት፣ የዱር ፍጥረታትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል አገሮች የፖሲሎቴሪያን ወገን በሙሉ ንግዳቸው በፈቃድ ብቻ ከሚካሄድ ፍጥረታት ዝርዝር ስላስገቡ፣ ድንበር የሚያሻግራት ሰው የምስክር ወረቀት ሊይዝ ይገባዋል። ወንዱ ዕድሜው ጥቂት ዓመት ነው፤ ሴቲቱ ግን ከ10 ዓመት በላይ ስለምትኖር፣ ባለቤቷ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ወይም ቤት ቢለውጥ የሚረከባትን፣ አያያዟንም የሚያውቅ ሰው ከመግዛቱ በፊት አነጋግሮ ይስማማ።