ምዕራፍ ሰባት፦ ሳይሰክን አይቀዳም

ኤፍፒጂኤ የገዛ ጀማሪ መጀመሪያ መብራት ያበራል፣ ቀጥሎ ቁጥር ይቆጥራል፣ ከዚያ ምስል ልያዝ ሲል ቦታ ያጥረዋል። አርቲ ኤ7-35 የሚባለውን የመለማመጃ ቦርድ እንውሰድ። በቺፑ ውስጥ ያለው ዋናው ሜሞሪ 225 ኪሎባይት ነው፤ 640 በ480 የሆነ አንድ ምስል፣ ለአንድ ነጥብ አንድ ባይት ብቻ ብንመድብ እንኳ፣ 307,200 ባይት ይፈልጋል። ከቺፑ አጠገብ ደግሞ 256 ሜጋባይት የዲዲአር3 ራም ተበይዶ ተቀምጧል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይፈራና አምራቹ ያዘጋጀውን ኮድ ለጥፎ ያልፋል። እኔ ግን ውስጡን እንድታዩት አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ራሙን በ400 ሜጋኸርትዝ ክሎክ እናስኬደው። ዲዲአር ክሎኩ ሲወጣም ሲወርድም ዳታ ያስተላልፋልና በእያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 800 ሚሊዮን ቢት ያልፋል። አንዱ ቢት የሚቆየው 1.25 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። እኛ የምንጽፈው ሎጂክ ግን በ100 ሜጋኸርትዝ ይሄዳል። ስለዚህ በቺፑ ጠርዝ ለዚሁ የተሠሩ ሰርኪዩቶች አሉ፤ ከየመስመሩ ስምንት ስምንት ቢት እየሰበሰቡ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ያስረክባሉ። ይህ ያን ያህል አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ቢቱን መቼ እናንብበው የሚለው ነው። እናቶቻችን ቡናው ፈልቶ ከወረደ በኋላ ጀበናውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ሳይሰክን ከተቀዳ አተላው ስኒ ውስጥ ይገባል። ቢትም ከ0 ወደ 1 ሲሸጋገር ቮልቴጁ ይዋልላል፤ በዚያ ቅጽበት ያነበበ ይሳሳታል። ራም ግን እንደ ጀበና አይጠብቅም፤ ትንሽ ከዘገያችሁ የሚቀጥለው ቢት ደርሷል። ሲግናል በቦርዱ የመዳብ መስመር ላይ በ1 ናኖሰከንድ የሚጓዘው 15 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት እንኳ ወደ 70 ፒኮሰከንድ ይወስዳል። ሙቀቱና ቮልቴጁም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ቅጽበቱን ወረቀት ላይ አስልቶ መጨረስ ስለማይቻል ቦርዱን ራሱን መጠየቅ ነው።

በቺፑ እግሮች ላይ 32 ደረጃ ያለው ማዘግያ አለ። በ200 ሜጋኸርትዝ ማመሳከሪያ ክሎክ አንዱ ደረጃ 78 ፒኮሰከንድ ያህል ነው። የምናውቀውን ዳታ ራሙ ላይ ጽፈን፣ ማዘግያውን ከ0 ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ እየገፋን መልሰን እናነባለን፤ ትክክል ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0። ላይትዲራም የተባለው፣ ኮዱ ክፍት የሆነ የራም ኮንትሮለር ይህን ሲሠራ እንዲህ ያለ መስመር ስክሪን ላይ ያትማል፦

00000001111111111111000000000000

ቁጠሩት። አንድ ሙሉ ቢት 16 ደረጃ ያህል ነው፤ አንዶቹ ግን 13 ናቸው። የጎደሉት ሦስቱ ሳይሰክን ያለፈው ጊዜ ናቸው። አንዶቹ ከ7ኛው ደረጃ እስከ 19ኛው ስለሚዘልቁ ማዘግያውን 13ኛው ላይ እናቆማለን፤ ግራና ቀኙ እኩል ስድስት ስድስት ደረጃ ይተርፈናል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ 7ኛው ላይ ትክክል መጣልኝ ብሎ ያቆማል። ጠዋት ይሠራል። ቺፑ ሲሞቅ አንዶቹ ያሉበት መስኮት ትንሽ ይንሸራተትና ዳታው መበላሸት ይጀምራል፤ እሱ ግን ስህተቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልግ ይመሻል።

መሃሉን ማግኘት ብቻውን አይበቃም። «ሰላም ሰላም» እየተባለ ፊደል በፊደል ሲነበብላችሁ ከሁለተኛው ፊደል ብትጀምሩ «ላምሰ ላምሰ» ይሆንባችኋል፤ አንድም ፊደል ሳትስቱ ቃሉ ጠፋ። ከስምንቱ ቢት የመጀመሪያው የቱ እንደሆነም እንዲሁ አንድ አንድ እያንሸራተቱ መፈለግ አለ።

ስንጽፍ ተራው የእኛ ነው። ከዳታው ጋር የሚሄደውን ስትሮብ የተባለ ምልክት ሩብ ዙር፣ ማለትም 0.625 ናኖሰከንድ፣ አዘግይተን ቢቱ መሃል ላይ እናሳርፈዋለን። ለራሙ አስክነን ቀዳንለት ማለት ነው።

ራሳችሁ በሠራችሁት ቦርድ ላይ አንዶቹ አራት አምስት ብቻ ከሆኑ ኮዱን ተዉት። የራሙን ቮልቴጅ ለኩ፤ ለዲዲአር3 1.5፣ ለዲዲአር3ኤል 1.35 ቮልት ነው። የራሙ 240 ኦም ሬዚስተር በቦታው መኖሩን እዩ። ከዚያ ክሎኩን ዝቅ አድርጋችሁ መስመሩን እንደገና አሳትሙ፤ ከ300 ሜጋኸርትዝ ገደማ በታች ግን አትውረዱ፣ ዲዲአር3 በተለመደው አሠራሩ ከዚያ በታች አይሄድም።