የሕፃናትን መዝሙር በከበሮና በልዩ ልዩ ድምፅ ስለ ማጀብ

ባለፈው ዓመት የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን መዝሙር እንድናለማምድ ሦስት ተማሪዎች ተመርጠን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለአርባውም ሕፃናት ጣሳና እንጨት አደልናቸው። የሆነውን ወላጆች ሳይነገራቸው ይገምቱታል፤ መዝሙሩ ጠፍቶ ጫጫታው ብቻ ቀረ። ነገሩን በሥርዓት ማጥናት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

መሣሪያ ከመጨበጥ አስቀድሞ የገዛ ሰውነት ይበቃል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ባዘጋጀው የሕፃናት ትምህርት ማጨብጨብ፥ ጭን መምታት፥ ጣት ማጮህና እግር መርገጥ እንደ መሣሪያ ይቆጠራሉ። ይኸው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በባቫሪያ ራዲዮ ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ። ጭብጨባና እልልታ ለለመድነው ለእኛስ ምን እንግዳነት አለው?

ከዚያ ከበሮ ይከተላል። የከበሮ ሰፊው ፊት ወፍራም፥ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ሰፊ ቆዳ ሲመታ የሚርገበገበው ዝግ ብሎ ነውና። እኛም የስንኙን መነሻ በሰፊው፥ ማረፊያውን በጠባቡ አስመታን።

ሕፃናቱን እጅግ ደስ ያሰኛቸው ግን ስለ ዝናብ የሚናገረው መዝሙር ነበር። በመጀመሪያ በአንድ ጣት መዳፍን መታ መታ ማድረግ፥ ቀጥሎ በሁለት፥ ከዚያም በአምስቱም ጣት ዴስኩን መደብደብ ነው፤ ካፊያው ዶፍ ይሆናል። ነጎድጓዱ ሰፊ ቆርቆሮ ይዞ ማወዛወዝ ነው። የፈረስ ኮቴ ሲያስፈልግ ለሁለት የተከፈለ ቅል በጠረጴዛ ላይ ማፈራረቅ ይበቃል። ውኃ ያለበት ጠርሙስም አለ፤ ውኃው ሲጨመር ጠርሙሱን ቢመቱት ድምፁ ይወፍራል፥ አፉን ቢነፉት ግን ይቀጥናል። (ይህን ያላመነ በቤቱ ይሞክረው።)

ያወጣነው ደንብ አንድ ነው፦ ከአርባው ስድስቱ ብቻ ይመታሉ፤ ድምፁም የሚገባው ቃሉ በሚያርፍበት ቦታ እንጂ በቃሉ ላይ አይደለም። አለዚያ ሕፃናቱ ከቆርቆሮው ለመብለጥ ይጮኻሉ፥ ጉሮሯቸውም ይጎዳል።

ከመካከላቸው ጨርሶ የማይዘምር አንድ ልጅ ነበር። በሽቦ የተሰካ ቆርኪ ሰጥተን ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ እንዲያንሿሿ አዘዝነው። ተራውን እንዳያልፍ ቃሉን በልቡ መከተል ግድ ሆነበት። በሦስተኛው ሳምንት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን፤ በአራተኛው ድምፁ ተሰማ። ተራው ደርሶ ቆርኪውን ለጓደኛው እንዲያስረክብ ብንለምነው ግን አሻፈረኝ አለ።