አሮጌ ጂፕ ብዙ ዓመት እንዲያገለግል

በአገራችን መኪና አረጀ ተብሎ ቶሎ አይጣልም። ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል፤ ባሌስትራው ይቀየራል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለን። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም አስወደደው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። በዚህ ትምህርት የአሜሪካኑን ጂፕ ምሳሌ አድርገን አሮጌ መኪና እንዴት እንደሚያዝና እንደሚሻሻል እንመለከታለን።

ጂፕ ከየት መጣ?

እኛ ላንድሮቨሩንም ቶዮታውንም «ጂፕ» ማለት ለምዶብናል። እውነተኛው ጂፕ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የተሠራ መኪና ነው። ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ፋብሪካዎች በጦርነቱ ዘመን ከ600,000 በላይ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1945 ዊሊስ ለገበሬ የሚሆን ጂፕ ማምረት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሲጄ 5 የሚባለው ዓይነት ከ1954 እስከ 1983 ድረስ ተመርቷል። የቀድሞዎቹ ሲጄ 5 ሞተር ባለ አራት ፒስቶን ሲሆን፣ ስፋቱ 2.2 ሊትር፣ ጉልበቱም 75 የፈረስ ጉልበት ነበረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት መፍቻ ያለው መካኒክ መንገድ ዳር ሊጠግነው ይችላል። ረጅም ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ነው።

ሞተሩ ይቅደም ወይስ ፍሬኑ?

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የጉቶ ጊዳ ነዋሪ ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ጂፕ አለው እንበል። ቤተሰቡን ጭኖ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ መሄድ አስቧል። ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሟልና ወደ ጋራዥ ሄደ።

«ኦቦ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ እየደከመ አስቸገረኝ። ትልቅ ሞተር ላስገጥምለት ነው» አለ።

ሽማግሌው መካኒክ ከመኪናው ሥር ወጡና፣ «ልጄ፣ ዳገቱንስ እያዘገመም ቢሆን ይወጣዋል። ቁልቁለቱ ላይ ማን ያቆመዋል?» አሉት።

መካኒኩ እውነት አላቸው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው ብዙ መቶ ሜትር ወርዶ የደዴሳን ሸለቆ ማቋረጥ አለበት። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 75 የነበረው ወደ 60 ይወርዳል ማለት ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ስለዚህ ሞተር ለመቀየር ከመቸኮል በፊት ካንዴላውን፣ ካርቡራቶሩንና የአየር ማጣሪያውን ማየት ይገባል። ብዙ ጊዜ ድካሙ ከቆሻሻ የመጣ ነው።

ፍሬኑ ግን ሌላ ነገር ነው። በአሮጌው ጂፕ አራቱም ጎማዎች ፍሬን የሚያገኙት ከአንድ የፍሬን ፖምፓ ነው። አንዱ ቱቦ ቢፈስ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ፍሬን ለሁለት የተከፈለ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። አንዱ ወገን ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። እንግዲህ ገንዘብ ሲገኝ የመጀመሪያው ማሻሻያ ይህን ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ ማስገጠም ነው። ቀጥሎ ከተቻለ የፊት ጎማዎችን ታምቡር በዲስክ መቀየር ነው። ዲስክ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያስወጣ ረጅም ቁልቁለት ላይ አይሰንፍም።

ትልቅ ሞተር ከአሮጌ ፍሬን ጋር ሲገናኝ አደጋው ይብሳል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ተይዞ በ10 ሜትር የሚቆም መኪና፣ በ80 ሲሄድ 40 ሜትር ይፈልጋል። በዚያ ላይ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ ሞተር የሚቀይር ሰው አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለበት።

የፍሬን ዘይትና የማንበብ ጥቅም

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውሃ ሲገባበት ግን በ140 ዲግሪ ገደማም ሊፈላ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረገጥ ይግላል፤ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ያስፈልጋል። እንደ ነቀምቴ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ አይዘነጋም።

እዚህ ላይ ማንበብ ሕይወት ያድናል። የሞተር ዘይት በስሕተት የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ቢጨመር ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ፍሬኑም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። «ዘይት ያው ዘይት ነው» ማለት አይገባም። የቆርቆሮውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ካልገባ ጠይቆ መጨመር ነው።

ሌሎች ማሻሻያዎች

የመጀመሪያዎቹ ጂፖች የኤሌክትሪክ ኃይል 6 ቮልት ብቻ ነበር። ወደ 12 ቮልት ሲለወጥ መብራቱ ይደምቃል፤ ባትሪም በቀላሉ ይገኛል። አሮጌ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎችም መታየት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወለጋ ካለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ኢታኖል የቀድሞ ዘመን ጎማን ሊያደርቅና ሊሰነጥቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ካፈሰሰ እሳት ይነሣል። በመጨረሻም ከክረምት በኋላ ሻንሲው ይታጠብ፤ ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ይቀባ።

አነዳዱስ?

ቁልቁለት የሚወረደው ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሹን ነጻ አድርጎ መውረድ ክልክል ነው፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃልና። የፍሬን መቃጠል ከሸተተ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው እንጂ «ትንሽ ነው የቀረው» ብሎ መቀጠል አይገባም። የእጅ ፍሬኑ በዘይት ሳይሆን በሽቦ ወይም በዘንግ የሚሠራ ስለሆነ ዘይቱ ቢፈስም ይይዛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ደኅና መሆን አለበት።

አንድ ደብተር ይኑርዎ

በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተርና እርሳስ አይጥፋ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተለወጠውን ዕቃና የተከፈለውን ዋጋ ይጻፉበት። ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም። መኪናው ለልጅ ሲተላለፍም ደብተሩ አብሮ ይተላለፋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ዛሬ የተጻፈች አንዲት መስመር የነገውን አደጋ ታስቀራለች።

ጥያቄዎች

1. ነቀምቴ ላይ የመኪና ሞተር ጉልበቱ ለምን ይቀንሳል?
2. ገንዘብ ጥቂት ሲሆን ፍሬኑ ከሞተሩ የሚቀድመው ለምንድን ነው?
3. የፍሬን ዘይት ሲፈላ ምን ይሆናል?
4. በአካባቢዎ ያለ አንድ አሮጌ መኪና ባለቤት ጠይቀው፣ ባለፈው ዓመት የተለወጠውን ዕቃ ከነቀኑ በደብተርዎ ይጻፉ።